ባለ ሁለት ዓይኑ ውሻ

እንጀራዬን የማገኘው በምላሴ ነው። ከአገር ቤት ለሕክምና ናይሮቢ የሚመጡ ሰዎችን ይዤ ፓርክላንድስ ካሉት ክሊኒኮች እገባለሁ። ሐኪሙ በእንግሊዝኛ ያለውን በአማርኛ፣ በሽተኛው በአማርኛ ያለውን በእንግሊዝኛ አደርሳለሁ። ሥራውን ስጀምር ያሠለጠነችኝ ሴት «አትጨምሪ፣ አትቀንሺ» አለችኝ፤ ሌላ ምክር አልሰጠችኝም። ለአፍ ቀላል ነው። የአገራችን ሰው «ሆዴን ባር ባር ይለኛል» ሲል፣ ሐኪሙ የጨጓራ መድኃኒት እንዳይጽፍ አንድ ሁለት ቃል ሳልጨምር ያለፍኩበት ቀን ግን ትዝ አይለኝም።

ሁርሊንግሃም፣ አርግዊንግስ ኮድሄክ መንገድ ዳር ምግብ ቤት ያላት ጓደኛ አለችኝ። አንድ ጊዜ አባቷን ከጎጃም አስመጣቻቸው። አርባ ዓመት ሙሉ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሲሥሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ከሸፈናቸው ወዲህ ግን ብሩሽ ከጨበጡ አራት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲያዩዋቸው ቁጡ የሚመስሉ፣ ሲቀርቧቸው ግን ቀልድ የማያልቅባቸው ሽማግሌ። ጓደኛዬ ከምድጃው መላቀቅ ስለማይሆንላት «አንቺ ይዘሽልኝ ግቢ፣ እንደ አባትሽ ናቸው» አለችኝ። እኔም እንደ እሷ አባባ እያልኩ ይዣቸው መዞር ጀመርኩ።

የዓይን ሐኪሟ በአርባዎቹ አጋማሽ ላይ ያለች ሴት ናት። ቅድመ አያቶቿ ከህንድ የመጡ፣ እሷ ግን እዚሁ ፓርክላንድስ ተወልዳ ያደገች ሙስሊም ናት፤ ክፍሏ ጥግ ላይ የታጠፈ የመስገጃ ምንጣፍ ይቀመጣል። መጀመሪያ ቀን እንደገባን ብድግ ብላ፣ በስዋሂሊ ሽማግሌ በሚከበርበት ቃል «ምዜ፣ ካሪቡ» ብላ ተቀበለቻቸው።

አባባ ድምፁን ተከትለው ዞሩና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «ማንን ልትድር ነው ሚዜ የምትለኝ?»

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ሐኪሟ ምን እንዳሉ ጠየቀችኝ፤ በእኛ ቋንቋ ሚዜ ማለት ሙሽራን የሚያጅብ ሰው እንደሆነ ነገርኳት። «እንግዲያው መጀመሪያ ሙሽሪትን የሚያዩበት ዓይን እንሥራላቸው» አለች። ይህንን ስተረጉምላቸው አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይቺ ልጅ ትሆናለች» አሉ። ከዚያ ወዲያ ክሊኒኩ ውስጥ ስማቸው በአማርኛው ሚዜ ሆኖ ቀረ፤ ነርሶቹም እንደዚያው ነበር የሚጠሯቸው።

ቀኙ ዓይን ቀድሞ እንዲሠራ፣ ግራው ደግሞ ከሳምንታት በኋላ እንዲሠራ ተወሰነ። ቀኙ የተሠራ ዕለት ፋሻ ታስሮላቸው ወደ ሁርሊንግሃም ስንመለስ፣ መኪናው ውስጥ «አሁን እኔን የሚሥል ቢኖር ከይሁዳ ጎን ያቆመኝ ነበር» አሉ።

«ምን አድርገው?» አልኳቸው።

«አንድ ዓይን ሆንኩ እኮ። ደግ ሰው ፊቱን ወዳንቺ መልሶ፣ ሁለት ዓይኑን ገልጦ ነው የሚሣል። ክፉ ሰው በጎን ነው፤ አንድ ዓይን ብቻ ነው የሚታይለት። ስንት ዓመት ቤተ ክርስቲያን ስትሄጂ አላየሽም?»

አላየሁም ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ እያየሁት አላየሁትም። የሚቀጥለው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ጸሎቱን ትቼ ግድግዳው ላይ ዓይን ስቆጥር ዋልኩ፤ እውነታቸውን ነበር።

ቀኙ ዓይን በተሠራ በማግስቱ ጠዋት ፋሻው ሊፈታ ሄድን። የመመርመሪያው አልጋ ከፍ ያለ ስለሆነ ጫማቸውን አውልቀው ነበር የወጡት፤ ልጃቸው ለመንገዱ የገዛችላቸው ባለ ማሰሪያ ጥቁር ቆዳ ጫማ ነው። ሐኪሟ ፋሻውን ፈትታ፣ ዓይናቸውን አጽድታ፣ በመብራቷ አየችና «መልካም ነው» አለች። ነርሷ ለሌላ በሽተኛ ተጠርታ ወጥታ ነበር። አባባ እግራቸውን አውርደው አንዱን ጫማ አገኙ፤ ሌላው ከአልጋው ሥር ተንሸራቷል። እኔ እጄ በወረቀትና በጠብታ መድኃኒት ተይዟል። ሐኪሟ ስለ ጠብታው እየነገረችኝ ዝቅ አለች፣ በጉልበቷ ተንበረከከች፣ ጫማውን ከሥር ስባ አወጣች፣ እግራቸው ላይ አጠለቀችና ማሰሪያውን አሰረችላቸው። አፏ ግን አላረፈም፦ በቀን አራት ጊዜ፣ እጅ በሳሙና ታጥቦ፣ ዓይን ሳይታሽ። እኔም ሳልጨምር ሳልቀንስ ተረጎምኩ።

አባባ ወደ ታች እያዩ ነበር።

«ይታይዎታል?» አልኳቸው።

«ይታየኛል እንጂ» አሉ ቀስ ብለው፤ ከዚያ አረሙት፤ «አያለሁ።»

እውነቱን ለመናገር ትንሽ ቅር አለኝ። ሌሎቹ በሽተኞቼ እንዲህ ባለው ቀን እልል ይላሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ሐኪሙን እያገላበጡ ይስማሉ። እሳቸው ግን እስከ ቤት ድረስ ጫማቸውን እያዩ ሄዱ።

ከአሥር ቀን በኋላ ጓደኛዬ ደወለችልኝ። «አባባ ቀለም ግዙልኝ ብለው ቁጭ ብለዋል። ለሐኪሟ ሥዕል ሊሠሩላት ነው። ሐኪሟን ጠይቂልኝ፣ ይፈቀድላቸዋል?» ሐኪሟን ጠየቅኩ፤ አቧራና ጭስ ከሌለበት ቦታ ከሆነ ይሥሩ አለች።

መሃል ከተማ ካለ የቀለም ሱቅ ወሰድኳቸው። ሻጩ ወጣት ኬንያዊ ነው። ለእመቤታችን መጎናጸፊያ የሚሆን ሰማያዊ እንደሚፈልጉ ነገርኩት፤ ስድስት ሰባት ጣሳ ደረደረ። አባባ ያልተሠራውን ዓይናቸውን በመዳፋቸው ከድነው ተራ በተራ አዩ። «ይሄ የተማሪ ሹራብ ነው» አሉ። ቀጠሉና «ይሄ የበር ቀለም ነው። ይሄ ደግሞ ብርድ ይዞታል።» እኔም እንዳለ ተረጎምኩ። ሻጩ በጣም ሳቀና ከጓዳ አንድ ጣሳ ይዞ መጣ፤ ማታቱ የሚባሉትን የከተማውን ሚኒባሶች የሚያስጌጡ ሠዓሊዎች የሚወስዱት ቀለም ነው። ክዳኑን ሲከፍተው አባባ ሱቁ መሃል አማተቡ። «ይሄ ነው» አሉ። እንዲህ ሆኖ የእመቤታችን መጎናጸፊያ ከናይሮቢ ማታቱ ጋር አንድ ቀለም ሆነ።

ሥዕሉ የተሠራው ከምግብ ቤቱ ጓሮ፣ አቮካዶ ዛፍ ሥር ነው። እዚያ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በተራ ስለሆነ ግድግዳውን ተደግፈው ቢጫ ጀሪካኖች ተደርድረዋል። አባባ በጀሪካኖቹና በዛፉ መካከል ወንበራቸውን አኑረው ሸራቸውን ወጠሩ። እኔም ሥራ በሌለኝ ቀን እየሄድኩ አጠገባቸው እቀመጥ ነበር።

ጓደኛዬ ጌታ ዕውሩን ሲያበራ እንዲሥሉ ነበር የፈለገችው። «ለዓይን ሐኪም የሚሰጠው እሱ ነው» አለች።

«ዕውሩን ያበራው ጌታ ነው። ሐኪሟን በጌታ ቦታ ባቆማት ለእሷም አይበጃትም፣ እኔንም ያስኮንነኛል» አሉና የሚሥሉትን ነገሩን። እመቤታችን በልጅነቷ ከሌሎች ሴቶች ጋር ውሃ ልትቀዳ ወርዳ፣ በውሃ ጥም ምላሱን ያወጣ ውሻ አይታ፣ የወርቅ ጫማዋን አውልቃ በጫማዋ ቀድታ ያጠጣችበትን ታሪክ ነው። ቤተ ክርስቲያን ሲነበብ የሰማነው ነው፤ ሁላችንም እናውቀዋለን።

ጓደኛዬ እኔን አየችኝ። «ሐኪሟ ሙስሊም ናት። ውሻ ልንሰጣት ነው?»

እኔም ፈራሁ። ሙስሊም ጎረቤቶቼ ውሻ ቤት እንደማያስገቡ አውቃለሁ።

«ቢያንስ ውሻውን በግ ያድርጉት፣ አባባ» አለች።

«ለበግማ ማን ይከለክላል? በግን ሁሉም ያጠጣዋል፤ ሊበላው።»

ሥዕሉ በየቀኑ ክርክር ነበረው። አንደኛዋ ውሃ ቀጂ እንስራ ይዛለች፤ ሁለተኛዋ ግን ቢጫ ጀሪካን። ጓደኛዬ ሽሮ የነካ ማማሰያ እንደያዘች ወጥታ «በእመቤታችን ዘመን ጀሪካን ነበር?» አለች። አባባ ዞር ሳይሉ «በእመቤታችን ዘመን የነበረውን እንስራስ ያየሽው አንቺ ነሽ?» አሉ። ጀሪካኑ ቀረ። እነዚያ ሁለቱ ሴቶች ውሻውን ትተው የሚሄዱ ናቸውና በጎን፣ ባንድ ዓይን ይሣላሉ ብዬ ስጠብቅ፣ ፊታቸውን መልሰው ሁለት ሁለት ዓይን አደረጉላቸው።

«እነዚህ ክፉ አይደሉም እንዴ?» አልኳቸው።

«ምን ክፋት አለባቸው? ቸኩለዋል እንጂ። ቤታቸው ልጅ ይጠብቃቸዋል። ውሻውንም አላዩትም።»

ከዚያ ወደ ውሻው ዞሩ። ለእሱም ሁለት ዓይን። ትልልቅ፣ ክብ፣ እንደ መላእክቱ ዓይን ሽፋሽፍታቸው በጥንቃቄ የተሣለ። ጓደኛዬ አይታ «ውሻ ባለ ሁለት ዓይን አይቼ አላውቅም» አለች፤ በሥዕል ማለቷ ነው። አባባ «እኔም ሥዬ አላውቅም» አሉ። ትንሽ ራቅ ብለው አዩት። ደስ ብሏቸዋል።

አንድ ከሰዓት በኋላ ጓደኛዬ ሁሉንም ከዳር እስከ ዳር አየችና ሆዷ ውስጥ የነበረውን አወጣችው። «አባባ፣ ሥዕሉስ ያምራል። ግን ዕውር አልበራ፣ ሙት አልተነሣ። ተአምሩ የቱ ጋ ነው? ውሻ ማጠጣት ማንም ይችላል።»

እሳቸው ብሩሻቸውን እያጠቡ «ይችላል» አሉ። እኔ ግን ጥያቄው አብሮኝ ቤቴ ገባ፤ ምክንያቱም ሥዕሉን ለሐኪሟ የማስረዳው እኔ ነኝ። ሳምንቱን ሙሉ ንግግር አዘጋጀሁ። ትሕትና፣ ርኅራኄ፣ የፍጥረት ሁሉ እናት፣ የወርቁ ጫማ ምሳሌነት። ስለ ውሻውም ይቅርታ መጠየቂያ የምትሆን አንዲት ለስላሳ መግቢያ አበጀሁ። ማታቱ ውስጥ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ስለማመድ አጠገቤ የተቀመጠ ሰውዬ ወንበር ቀየረ።

የቀጠሮው ቀን ደረሰ። አባባ ሥዕሉን በነጠላ ጠቅልለው ይዘውታል። ሐኪሟ ዓይናቸውን መርምራ ጨርሳ ስለ ግራው ቀጠሮ ከተነጋገርን በኋላ ነጠላውን ገለጡት። እኔ ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

አፌን ከመክፈቴ በፊት ሐኪሟ ወደ ሥዕሉ ጠጋ አለች። «በጫማዋ» አለች። «በጫማዋ ነው የምታጠጣው?» ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ፤ ፊቷ እንደ ልጅ ሆኗል። «ይህን እኮ አውቀዋለሁ። አያቴ ትነግረን ነበር።»

ንግግሬ ሁሉ እዚያው ቀረ። እሷ ቀጠለች። አያቷ እንደነገረቻቸው አንዲት ሴት በበረሃ ስትሄድ ጉድጓድ አጠገብ በጥም ሊሞት የደረሰ ውሻ አየች። ጫማዋን አውልቃ በሻሿ አስራ ውሃ አወጣችለት። ያቺ ሴት፣ አለች ሐኪሟ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ሴተኛ አዳሪ ነበረች። ስለዚያ ውሃ ግን እግዚአብሔር ኃጢአቷን ሁሉ ማረላት።

አባባ እኔን ይጠብቃሉ። በሥዕሉ ላይ ያለችው እመቤታችን ናት። እኚህ ሰው ስሟን ሳይጠሩ እህል የማይቀምሱ ናቸው። «በእነሱም ዘንድ ተመሳሳይ ታሪክ አለ ትላለች» አልኩ፤ «አንዲት ምስኪን ሴት ውሻ አጠጥታ ጸደቀች።»

አባባ በተሠራው ዓይናቸው ትኩር ብለው አዩኝ። «ልጄ፣ ሐኪሟ ያንን ስትናገር ድምጿን ዝቅ አደረገች፤ አንቺንም ሰረቅ አድርጋ አየችሽ። ስለ ምስኪን ሲወራ ድምፅ አይቀነስም። ምን ነበረች ሴትዮዋ?»

በሥራዬ ውሸቴ ፊት ለፊት ሲያዝ የመጀመሪያዬ ነበር። ነገርኳቸው። ቃሉን ሳልጨምር ሳልቀንስ አልኩት፤ ከዚያ ጫማዬን አየሁ።

ሥዕሉን መልሰው አዩት። ሐኪሟም የሆነ ነገር እንዳበላሸች ገብቷት እጆቿን አጣመረች። ኋላ አባባ ቀስ ብለው ተናገሩ። «እመቤታችን ያደረገችውን ያደረገች ሴት ምሕረት ብታገኝ ምን ይገርማል? እሷስ የምታማልደው ለማን ሆነና? ንገሪያት፣ አያቷ ጥሩ ታሪክ ነው የነገረቻት። ውሻውም ቢሆን ያጠጣችው ማን እንደሆነች አልጠየቀም።»

ይህን ስተረጉምላት ሐኪሟ ሳቀች፣ እሳቸውም ሳቁ። እኔም ሸክሙ ስለወረደልኝ ያዘጋጀሁትን የውሻ ይቅርታ አወጣሁት። ሐኪሟ እጇን አወዛወዘች። «ውሻ ቤቴ አላስገባም። ይኼኛው ግን አይጮህም» አለች። ከዚያ «ለምን ይህን መረጡልኝ?» ብላ ጠየቀች።

አባባ በጣታቸው ወደ አልጋው ሥር አመለከቱ። «ፋሻው የተፈታ ዕለት ጫማዬ እዚያ ገብቶ ነበር። እኔ አርባ ዓመት ተአምር ስሥል ኖሬ በዓይኔ አይቼ አላውቅም። እዚህ መጥቼ ዓይኔ ቢበራልኝ፣ መጀመሪያ ያየሁት ነጭ ጋዋን የለበሰች ሐኪም እግሬ ሥር ተንበርክካ ነው። ጫማዬን በእጇ ይዛ። ማሰሪያውን እያሰረች።»

ተረጎምኩላት። ያን ጠዋት እኔም እዚያው ነበርኩ፤ ያየሁት ግን ወረቀቱንና ጠብታውን ነበር።

ሐኪሟ ግንባሯን ቋጠረች፤ ለማስታወስ እየሞከረች ነው። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሚዜ» አለች በመጨረሻ። «አላስታውስም።»

ይህንን መተርጎም ጨነቀኝ፤ ያዝናሉ ብዬ። ግን ከአንድ ጊዜ በላይ አልሳሳትም ብዬ እንዳለ ነገርኳቸው።

አባባ ጉልበታቸውን በመዳፋቸው መቱ። «አላስታውስም አለች?»

«አዎ።»

«እስኪ እንደገና በይው።»

ደገምኩላቸው። ፊታቸው በራ። ምግብ ቤት ስንመለስ ለልጃቸው ከሁሉ አስቀድመው የነገሯት ይህንኑ ነበር፤ ምሳ ሊበሉ ለገቡ ለማያውቋቸው ሰዎችም፣ ሲጠየቁም ሳይጠየቁም፣ «ሠርታ ረስታዋለች እኮ!» እያሉ አወሩ። ጓደኛዬ ሰሃን እያነሳች አዳመጠች። የተአምሩን ጥያቄ ዳግመኛ አልጠየቀችም፤ ገብቷት ይሁን ሥራ በዝቶባት አላውቅም።

ሐኪሟ ሥዕሉን የተቀበለችው በግልጽ ነግራን ነው። «እኔ በምሰግድበት ክፍል ሥዕል አልሰቅልም። ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ ግን እሰቅለዋለሁ» አለች። በማግስቱ የበሽተኞች መጠበቂያ አዳራሽ ውስጥ፣ ከውሃ ማቀዝቀዣው በላይ ተሰቀለ።

ግራው ዓይን ከተሠራ በኋላ አንድ ያልታሰበ ችግር መጣ። አባባ በሁለት ዓይናቸው ሥዕሉን ሲያዩት አልወደዱትም። የውሻው ጅራት ረዝሟል አሉ። «በአንድ ዓይን ተሥሎ እንዴት ይመጠናል?» ሐኪሟ እንዳለ ደስ ይለኛል ብትላቸውም አልሰሙም። የመጨረሻ ቀጠሯቸው ዕለት ብሩሽና ትንሽ ቀለም በሶዳ ጠርሙስ ክዳን ይዘው መጡ። ወንበር ላይ ቆመው፣ እኔ ወንበሩን፣ የክሊኒኩ ጥበቃ ደግሞ ወገባቸውን ይዘን፣ አሥራ ምናምን በሽተኛ እየተመለከተ የውሻውን ጅራት አሳጠሩ። ሲጨርሱ አዳራሹ አጨበጨበ። አባባ ከወንበሩ ላይ እጅ ነሱ።

አሁን ጎጃም ናቸው። የአንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ይዘዋል ብላኛለች ጓደኛዬ፤ ስልክ ስትደውል መሰላል ላይ ነኝ እያሉ ይዘጉባታል።

እኔ ግን ሥራዬ እዚያው ስለሆነ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ሥዕሉ ሥር እቀመጣለሁ። ሰው ተራውን ሲጠብቅ ያየዋል፤ ሲያየው ያወራል። አንድ ክራባት ያሰረ ሰው የውሃ ድርጅት ማስታወቂያ ነው ብሎ ለሚስቱ ሲያስረዳ ሰምቻለሁ። አንድ ሕፃን እናቱን ሴትዮዋ ጫማዋ ርሶ እናቷ አትቆጣትም ወይ ብሎ ጠይቋታል። ድሮ ቢሆን ዘልዬ እገባ ነበር።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ኬንያዊት አሮጊት አጠገቤ ተቀመጡ፤ አንድ ዓይናቸው በፋሻ ታስሯል። ሥዕሉን ብዙ ጊዜ አዩና በስዋሂሊ «የአንቺ አገር ሥዕል ነው?» አሉኝ።

«አዎ፣ እማማ።»

«ውሻው ጥሩ ውሻ ነው» አሉ። «እኔም አንድ አለኝ፤ ዶሮ ይሰርቃል።» ከዚያ ስለዚያ ሌባ ውሻቸው ማውራት ጀመሩ፤ ጎረቤቶቻቸው እንዴት እንደከሰሱት፣ እሳቸው እንዴት እንደተሟገቱለት። ነርሷ ስማቸውን ስትጠራ ክሱ ገና አላለቀም ነበር። ተነሡ፣ ትከሻዬን ይዘው «ቆዪኝ፣ ስመለስ እጨርስልሻለሁ» አሉና ገቡ። እኔም የበሽተኛዬ ተራ ደርሶ አብረን ገብተን ቀድመናቸው ብንወጣም አስቀምጬው ጠበቅኋቸው።